የወረቀቱ ባዶ ጥግ

ሠዓሊዋ ባሏን ከቀበረች ወዲህ የሥራ ክፍሏን በር የምትከፍተው አቧራ ለማራገፍ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ከማተሚያ ቤቱ ሰው መጣባት። መልእክተኛው ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ በሩ ላይ ቆመ። ሐዘን ቤት መጥቶ ሥራ መጠየቁ እንዳሳፈረው ያስታውቃል።

«የመጽሐፉ ሥዕሎች በሙሉ ወደ ማተሚያው ድንጋይ ተገልብጠው አልቀዋል» አላት። «የቀረው አንድ ብቻ ነው። እሱም እርስዎ ዘንድ ነው ተብዬ ነው።»

«እኔ ዘንድ ነው። በቅርብ ቀን ይዤው እመጣለሁ በላቸው።»

እሱ ሲሄድ ወረቀቱ የተወጠረበትን ሰሌዳ አዞረችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሳ ያቆመችው እሷው ነበረች።

ቁጥቋጦው እንዳለ ነው። ቅርንጫፉ ከወረቀቱ ግርጌ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ቅጠሎቹ ከፊሎቹ ፊታቸውን፣ ከፊሎቹ ጀርባቸውን ያሳያሉ፤ የጀርባቸው ነጫጭ ፀጉር ሳይቀር በቀጭን ብሩሽ ወጥቷል። አበቦቹ ሐመር ወይን ጠጅ ናቸው። በስተግራ አንዲት አበባ በምላጭ ለሁለት ተከፍላ፣ በአጉሊ መነጽር እንደምትታየው ተልቃ ተሥላለች። ከአበባዋ ሥር ያለችው፣ ኋላ ፍሬ የምትሆነው ትንሽ እብጠትም አግድም ተቆርጣ ለብቻዋ አለች፤ ውስጧ ሦስት ክፍል ነው። በስተቀኝ ከታች ያለው ጥግ ግን ባዶ ነው። መዳፍ የሚያህል ንጹሕ ወረቀት።

ጥጉ ተረስቶ አይደለም። በዚህ ሙያ እንዲህ ነው የሚሠራው። ተክል አበባውንና ፍሬውን በአንድ ወቅት አያሳይም፤ ስለዚህ ሠዓሊ አበባውን ይስልና ለፍሬው ቦታ ትቶ ይጠብቃል። መሳቢያዋ ሁልጊዜ ጥጋቸው ባዶ በሆነ ወረቀቶች የተሞላ ነበር። ወራት ሲያልፉ ባልና ሚስቱ ወደዚያው ተራራ ተመልሰው ይወጣሉ፤ በአበባው ጊዜ ቀይ ክር ያሰሩበትን ቅርንጫፍ ይፈልጋሉ፤ ፍሬውን ቆርጠው በቆርቆሮ ሣጥን ያወርዳሉ፤ ጥጉም ይሞላል። እሱ ስለ ተክሉ ይጽፋል፣ እሷ ትስላለች። ከተጋቡ ጀምሮ ኑሯቸው ይኸው ነበር። የሰፈሩ ሰው ባሏን «አቶ ቅጠል» ይለው ነበር። እሱም ስሙን ወዶት፣ በር አንኳኩቶ «ማነው?» ሲሉት «ቅጠል ነኝ፣ ነፋስ አመጣኝ» ይል ነበር።

የቆርቆሮው ሣጥን አሁን መደርደሪያው ላይ ነው። ውስጡ ባሏ ከመሞቱ በፊት ከተራራው ያመጣው ፍሬ አለ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ የቀራት ነገር ቢኖር ሣጥኑን ከፍታ ያንን ፍሬ ጥጉ ላይ መሳል ብቻ መሆኑን ነው። ፍሬው የዚህ ተክል እንዳልሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

የባሏ ታላቅ እህት ከሰዓት በኋላ መጣች። እሷ በር አታንኳኳም። በሠርጉ ቀን «ሙሽሪት» ብላ መጥራት ጀምራ፣ የሙሽሪት ፀጉር ሸብቶም አልተወችውም።

«ሙሽሪት! አለሽ?»

«አለሁ እትዬ፤ ይግቡ።»

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸታም። ድስቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሳልፍ ነክቼዋለሁ።» ከዚያ ሰሌዳውን አየችና ድምጿ ለሰለሰ። «እሰይ፣ አወጣሽው! ዛሬ የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ጺሙን እያሻሸ 'ወንድምዎ ለሳይንስ ሲል ነው ያለፈው' ይለኛል። እኔ ሳይንስ የምትባለውን ሴትዮ አላውቃትም አልኩት፤ እኔ የማውቀው ሚስቱን ነው።»

ሠዓሊዋ ፈገግ ልትል ሞከረች።

«ሥዕሉን መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ሊያደርጉት ነው፤ ታውቂያለሽ አይደል? ወንድሜ በመጨረሻ ያገኘው ተክል ብለው። እኔ በማንበቡ እንኳ ብዙም አይደለሁ። ግን ሥዕል አያለሁ። ያንን ፍሬ ጥጉ ላይ ያየሁ ቀን እጁን ያየሁ ነው የሚመስለኝ።»

«ፍሬው ደርቋል እትዬ።»

«ደረቀ? አንቺ እኮ ድርቆሽ ሥለሽ ላም የምታስከትዪ ሴት ነሽ! ደረቀ ትለኛለች እንዴ።» ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ስሚኝማ። እኔ ነበርኩ አጠገቡ። 'እትዬ፣ ሦስት ነው' ነው ያለኝ። 'ሦስት ክፍል ነው፣ አላልኳትም?' ይልና ይስቃል፣ ልክ እንደ ልጅ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ግን ደስ ብሎት ነው የሄደው። ሌላው ሰው ስለ ርስት ሲነዛነዝ ይሞታል፤ የኔ ወንድም ስለ ፍሬ እየሳቀ ሞተ። ይቺን አታሳንሺብኝ።»

ሠዓሊዋ ሻይ ልትጥድ ተነሣች። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

የባሏ ዓይን መፍዘዝ ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር። መጽሐፉን የሚያሠራቸው የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ቢሰማ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጥብናል ብለው ፈርተው ደበቁት። ዘዴም አበጁ። እሷ አጉሊ መነጽሩ ላይ ትጎነበሳለች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ ያደርግና «ስንት ይታይሻል?» ይላታል። የአበባውን ክፍሎች፣ የውስጡን ዘንጎች፣ የዘሩን ቤቶች እየቆጠረች ትነግረዋለች። እሱ ከሷ ቃል ተነሥቶ ተክሉ የየትኛው ወገን እንደሆነ ይናገራል፤ አይሳሳትም ነበር። ትክክል የሚሆነው እሷ ያላየችውን ስለማትነግረው ነው። ይህ በመካከላቸው ከጋብቻው ቃል ቀጥሎ የጸና ነገር ነበር፤ ምናልባትም ከሱ የበለጠ።

ይህን ቁጥቋጦ አብረው ነበር ያገኙት። ከዚያ በፊት ማንም ጽፎት የማያውቅ ተክል ነበር። ቀዩን ክር ያሰረችው እሷ ናት። የፍሬው ጊዜ ሲደርስ ግን ማተሚያ ቤቱ ይወተውታት ጀመር፤ ሌሎች ያላለቁ ሥዕሎችም ነበሩባት፤ ሰማዩም ከፍቶ ሰነበተ።

ያን ዕለት ቁርስ ላይ ባሏ ዳቦውን እየቆረሰ «ለምን 'ፍሬው አልታየም' ብለን አንጽፍም?» አላት።

ይህ በሙያቸው የታወቀ ቃል ነው። ተክሉን በፍሬው ወቅት ያላገኘ ሰው ከሥዕሉ ሥር ይጽፈዋል፤ ነውርም የለበትም። እነሱ ግን ይስቁበት ነበር። ከቤቱ ወጥቶ መሄድ የማይወድ አንድ ወፍራም የሙያ ባልደረባቸው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በዚህ ቃል ሞልቶት ነበርና፣ በቤታቸው የሰውዬው ስም «ፍሬው አልታየም» ሆኖ ቀርቶ ነበር።

«አንተም እንደሱ ልትሆን ነው?» አለችው። «ይሄ የሰነፍ ቃል ነው። እኔ ጥጉ ባዶ በሆነ ወረቀት ላይ ስሜን አልጽፍም።»

«አብረን እንሂዳ ታዲያ።»

«እኔ ሥራ አለብኝ። ቦታውን ታውቀዋለህ፣ ክሩም አለ።»

«ዝናቡስ?»

«ጨው አይደለህ፣ አትሟሟ!»

ሳቀ። ካፖርቱን ለበሰ፣ ሣጥኑን በትከሻው አንጠለጠለ። የደረጃውን ጫፍ በእግሩ እየፈለገ ሲወርድ በመስኮት አየችው። አየችውና ተመልሳ ብሩሿን አነሣች።

ሲመለስ ካፖርቱ ውሃ ይተፋ ነበር። ሣጥኑን ግን ከካፖርቱ ሥር በሆዱ አቅፎት ስለነበር ጠብታ አልነካውም። «ክሩን በጣቴ ነው ያገኘሁት!» አላት፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «ስዳብስ፣ ስዳብስ፣ አገኘኋት። እሷ ካለችበት ላይ ነው የቆረጥኩት።» ሲመሽ አተኮሰው። በማግስቱ ሐኪሙ ጀርባው ላይ ጆሮውን አድርጎ ብዙ አዳመጠ፤ ከዚያ በኋላ የሚያናግረው እሱን መሆኑ ቀርቶ እሷን ሆነ።

ባሏ ግን ስለ ፍሬው ይጨቀጭቃት ነበር። «እስካሁን አልከፈትሽውም? ይደርቅብሻል እኮ።» ስለዚህ ጠረጴዛዋን መኝታ ክፍሉ መስኮት ሥር አስገብታ፣ በቀን ብርሃን ሣጥኑን ከፈተችው።

ገና ስታየው ነገሩ ገባት። ቀይዋ ክር አለች፤ ቅርንጫፉ ግን የተጠማዘዘ ነው። የነሱ ቁጥቋጦ ቀጥ ብሎ ነው የሚያድገው። በመካከሉ ባለፉት ወራት አንድ ሐረግ ከጎኑ ተነሥቶ ቁጥቋጦውን ተጠምጥሞበት፣ ክሩንም አብሮ ተብትቦት ኖሯል። ቅጠሉ የረገፈበት ወቅት ነው። የሚያይ ዓይን በአንድ አፍታ ይለየዋል፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት ግን ሊለየው አይችልም።

ቢሆንም ፍሬውን በምላጭ አግድም ቆረጠችው፤ መነጽሩ ላይም ጎነበሰች።

«ስንት ይታይሻል?» አላት ከአልጋው።

አራት ነበር። ጥርት ያለ፣ የማያከራክር አራት። አበባው ሦስት ክፍል ያለው ተክል ፍሬው አራት ሊሆን አይችልም፤ ይህን ከሷ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። አራት ብትለው ከአፏ ሳይወጣ ሁሉን ይረዳዋል።

«ሦስት» አለችው።

«አላልኩሽም?» አለና ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ።

ይኸው ነው የሆነው። ለእህቱ ነገራት፤ ሊጠይቀው ለመጣው ኃላፊም ነገረው፤ ኃላፊውም ጻፈው። ቀብር ላይ ሁሉም «ደስ ብሎት ነው ያለፈው» እያለ ሲያጽናናት አንገቷን ደፍታ ስትሰማ ነበር። ልጇ ከሩቅ ከተማ መጥታ አብራት ስትሰነብትም አልነገረቻትም። «እማ፣ አንቺ እኮ አታለቅሺም» ብላት ነበር ልጅቷ። እሷ ለማልቀስ መብቱ ያላት አይመስላትም ነበር፤ ይህን ግን ለልጅ አይናገሩትም።

ውሃው ፈላ። ሻዩን ይዛ ስትገባ እህትየው ሰሌዳው ፊት ቆማ ባዶውን ጥግ በጣቷ ልትነካ ትንሽ ቀርቷት ነበር።

«ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ» አለች። «ተሥሎ አልቆ።»

በማግስቱ ጠዋት ሠዓሊዋ እርሳስ ቀርጻ ተቀመጠች። አራት ክፍል ያለውን ፍሬ አትስልም፤ ያንን ያየ ማንኛውም ተማሪ ይስቃል። ግን ሦስት ክፍል ያለውን መሳል ትችላለች። የአበባው ሥር ሦስት ነው፤ ፍሬውም ሦስት መሆኑ አይቀርም። የወገኖቹን ፍሬ ስላ ታውቃለች፤ ቀለሙ ቡናማ፣ ቅርፊቱ ሻካራ ይሆናል። ማንም አይጠይቃትም። ምናልባት እውነትም ይሆናል።

ደግሞ ይህ ፍሬ ጥጉ ላይ ቢወጣ፣ ያን ዕለት ባሏን የላከችው ለአንድ ነገር ነበር ማለት ነው። ካልወጣ ለምንም ነው።

እጇ አልተቸገረም። ፍሬው ሙሉውን፣ ከዚያም ተቆርጦ፣ ከዚያም ዘሩ ለብቻው፣ ጥጉ ላይ ተራ በተራ ወጣ። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ከመንከሯ በፊት ራቅ ብላ አየችው። ያምር ነበር። ሦስቱ ክፍሎች እኩል ናቸው። እንዲህ እኩል የሆነ ፍሬ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። በእውነት ያለ ፍሬ አንዱ ጎኑ ይሰረጉዳል፤ አንዱን ክፍል ትል ይገባበታል፤ አንዱ ዘር ጨንጋፋ ይሆናል። ይህኛው ምንም አልነካውም፤ የትም አልበቀለምና። «ሦስት» ያለችበት ድምፅ ራሱ እግር አውጥቶ ወረቀቱ ላይ የተቀመጠ መሰላት።

ከወጥ ቤት የዳቦ ፍርፋሪ አምጥታ፣ በጣቷ አድቦልቡላ፣ እርሳሱን ቀስ እያለች አጠፋችው። ወረቀቱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። የተፈተገበት ቦታ ትንሽ ሻከረ፤ ከጎን ለሚያየው ሰው ያስታውቃል።

ቅዳሜ እህትየው መጣች። ቀጥ ብላ ወደ ሰሌዳው ሄደች።

«የታለ?»

«አልሣልኩትም እትዬ።»

«ለምን?» ጎንበስ አለች። «እዚህ ጋ የሆነ ነገር ነበር። ተፍቋል።»

«ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፤ ተናገሪ።»

ሠዓሊዋ ሣጥኑን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ክሩን አሳየቻት፤ ሐረጉን አሳየቻት፤ ከዚያ መነጽሩን ፍሬው ላይ አድርጋ «ይቁጠሩ» አለቻት።

እህትየው አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ አየች። «አራት ነው» አለች በመጨረሻ። «እሱ ሦስት ነው ብሎኝ ነበር።»

«ሦስት ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አላየውም። ዓይኑ አያይም ነበር እትዬ፤ ደብቀናችሁ ነው።»

«ደበቅን ትላለች!» እህትየው ቀና አለች። «ቤቴ መጥቶ በሩ ላይ የሰቀልኩትን ካፖርት 'እንደምን ዋሉ' ብሎ ሰላም ያለው ሰው እኮ ነው። ካፖርቱ ስላልመለሰለት ደግሞ ተቀይሞ 'እንግዳሽ ኩሩ ነው' ብሎኛል። ዝም ያልኩት እናንተ ዝም ስላላችሁ ነው።» ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። «ታዲያ ይሄ የሌላ ፍሬ ነው?»

«የሌላ ነው።»

«የማን?»

«አላውቅም። ሐረጉን በአበባው ጊዜ አላየነውም።»

«ስለዚህ ወንድሜ ተሳስቶ የሞተው...» ቃሉን ሳትጨርስ ዋጠችው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች ሠዓሊዋ። «እንደማያይ እያወቅሁ፣ ብቻውን።»

ውጭ ጋሪ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እህትየው ቀና ብላ አየቻትና እጇን ዘርግታ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይ ባክሽ» አለቻት። «እሱን ደግሞ ማን ያስቀረዋል? ልጅ ሆኖም እንደዚያው ነበር። እናታችን በር ስትቆልፍበት በመስኮት ይወጣ ነበር። አንቺ ባትልኪውም ይሄድ ነበር። በእሱ ሥራ ራስሽን አትውቀሺ።»

የሠዓሊዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። መሄድ አለመፈለጉን፣ የሚጻፈውን ቃል እንኳ እሱው አውጥቶ መስጠቱን መናገር ያለባት አሁን ነበር። እህትየው ግን ክንዷን እያሻሸች ነበር፤ እጇም ሞቃት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚህ ዓይነት የነካት ሰው አልነበረም። ምላሷን ነከሰች።

«ከነዚህ አንዱን ስጪኝ» አለች እህትየው፣ ፍሬዎቹን እያየች። «የማንም ይሁን። እሱ ነው የቆረጠው።» ያልተቆረጠውን አነሣችና በመሐረቧ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ራስሽን አትጉጂ ሙሽሪት፤ እሺ?»

ከእህትየው ቀጥላ ሠዓሊዋ ወደ ኃላፊው ሄደች። ፍሬው የሌላ ተክል መሆኑን ስትነግረው መነጽሩን አውልቆ ሰማት። «እንግዲያው ጥጉን ዝም ብለን እንተወዋለን፤ ማን ይጠይቃል?» አላት። እሷ ግን ቃሉ እንዲጻፍ ፈለገች። ፍሬ የሌለው ሥዕል ለመጽሐፉ መጀመሪያ እንደማይሆን፣ ወደ መሐል ገብቶ ከሌሎቹ ጋር እንደሚታተም ነገራት። ተስማማች። እሷ ላልተናገረችው ጥፋት ባሏ የክብር ቦታውን በማጣት እየከፈለላት መሆኑን እያወቀች ተስማማች።

ማተሚያ ቤቱ የቀለምና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ነበረው። ሥዕሎቹን ወረቀት ላይ እያየ ወደ ድንጋዩ የሚያዞረው ሰውዬ «ግልብጤ» ይባላል። ድንጋዩ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ መሣል አለበት፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ሲታተም ነው የሚቃናው።

«ሚስቴ ምን ትላለች መሰልዎ?» አላት ግልብጤ፣ ጥቁሩን ቅባታም እርሳስ ጆሮው ላይ እንደሰካ። «'አንተ በቀኝህ የምትነሣው የሞትህ ቀን ነው' ትለኛለች።» ወዲያው ለማን እንደተናገረ ትዝ ብሎት ደነገጠ። «ይቅርታ እመቤቴ። አፌን...»

«ምንም አይደለም።»

ሥዕሉን አየ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «እዚህ ምን ይምጣ?»

«ጽሑፍ ነው። እኔው ልጻፈው።»

«ፊደል መገልበጡ ይከብዳል፤ ለኔ ይተዉት።»

«እኔ ልጻፈው» አለችው ዳግመኛ።

ትንሽ መስታወት አቆመላትና እርሳሱን ሰጣት። ድንጋዩ ከክንዷ በታች ቀዝቃዛ ነበር። ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያንዳንዱን ፊደል ፊቱን አዙራ፣ እጇን በሌላው እጇ ደግፋ ጻፈች። ብዙ ጊዜ የሳቀችበት ቃል ነው። አሁን የምታየው የማይነበብ ጭረት ነበር። ቃሉን መስታወቱ ውስጥ ለማየት ቀና አላለችም።

ግልብጤ ድንጋዩን አርጥቦ፣ ቀለም አስነክቶ፣ መጭመቂያውን አዞረ። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ከጥግ ይዞ ሲልጠው ቅርንጫፉ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ አበባውም፣ ሦስቱ ክፍሎችም። ከታች በስተቀኝ፣ በሷ እጅ ጽሑፍ፣ «ፍሬው አልታየም» ይላል።

«ጽሑፍዎ ቀጥ ያለ ነው» አላት።

የመጀመሪያውን ወረቀት ይዛ ወደ ቤት አልሄደችም። ወደ እህትየው ቤት ሄደች። እህትየው በሩን ስትከፍት እጇ በሳሙና አረፋ ነበር።

«ግቢ ሙሽሪት፣ ምነው በደህና?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እህትየው እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጎነበሰች፤ ቃሉን ፊደል በፊደል አነበበች።

«'ፍሬው አልታየም'። ጥሩ ነው። እውነት ነው።» ቀና አለች። «ከየት አመጣሽው?»

«የሱ ቃል ነው።»

«የማን?»

«የሱ። ያን ዕለት ቁርስ ላይ 'ይህን ጽፈን እንተወው' አለኝ። መሄድ አልፈለገም። 'አብረን እንሂድ' አለኝ፣ እምቢ አልኩት። ዝናቡን አነሣብኝ፤ ቀለድኩበት። የሰነፍ ቃል ነው አልኩት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ቅዳሜ 'ባትልኪውም ይሄድ ነበር' ሲሉኝ ዝም አልኩ። አይሄድም ነበር እትዬ።»

እህትየው ወንበሩን ፈለገች፤ አልተቀመጠችም ግን። መደርደሪያው ላይ፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ መሐረቡ ላይ ያቺ ደረቅ ፍሬ ተቀምጣ ነበር። እሷን አየች። ከዚያ ወረቀቱን አየች።

«ይቺን ብቻ ነበር የሚጽፈው?» አለች በቀስታ።

«ይቺን ብቻ።»

«ሁለት ቃል?»

«ሁለት ቃል።»

«ታዲያ ምን ነበረበት ብትሰሚው?»

ሠዓሊዋ ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ለመስማት ነበር የመጣችው፤ ሲመጣ ግን እንዲህ ይከብዳል ብላ አላሰበችም። እህትየው ፊቷን አዙራ ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ተመለሰች። እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች፤ ግን አላጠበችም።

ሠዓሊዋ ወረቀቱን ልታነሣ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አለች እህትየው፣ ዞር ሳትል። «እሱን እዚሁ ተዪው። አንቺ ሂጂ።»

ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ ብትጠብቅም ከውስጥ «ሙሽሪት» ብሎ የጠራት አልነበረም።